ዸ፦ የመጀመሪያዎቹ የጅማ ቀናት

ሰኞ፣ ኅዳር 1

አዲስ አበባ፣ መርካቶ አውቶቡስ ተራ የደረስኩት ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። «ጅማ! ጅማ! የሞላ ጅማ!» የሚለው ጩኸት ከሌላው ሁሉ በላይ ይሰማል። ሻንጣዬን ሲጭኑልኝ ባናውን፣ የሱፍ ብርድ ልብሴን፣ ግን አልሰጠሁም፤ ጭኔ ላይ አደረግሁት። እናቴ ከገዛ በጎቻችን ጠጉር ፈትላ ያሠራችልኝ ነው። ጅማ ሞቃት አገር እንደሆነ ስነግራት «ብርድ የሌለበት አገር የለም» ብላ በግድ አስያዘችኝ።

22 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ባለ ቀበሌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ ነው። እስከ 15 ዓመቴ በግ ጠባቂ ነበርኩ። ጌታን ያገኘሁት ደብረ ብርሃን ስማር ሲሆን፣ እዚያው ዘጠኝ ወር የወንጌላዊነት ሥልጠና ወሰድኩ። ስምሪት ሲወጣ ከስሜ ትይዩ «ጅማ፣ ሁለት ዓመት» የሚል ተጽፎ አገኘሁ። ደስ አለኝ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ወደ አጋሮ የሚሄዱ ናቸው። ሻሻቸው ላይ ነጭ ሻርፕ ጣል አድርገዋል። ወሊሶን እስክናልፍ ዝም ብለን ተጓዝን። ከዚያ ቆሎ ዘረጉልኝና «ጅማ ምን ልትሠራ ነው ልጄ?» አሉኝ። ሥልጠና ላይ ለዚህ ጥያቄ ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ሁሉም ጠፋብኝና «ወንጌል ላስተምር ነው» አልኳቸው። ለትንሽ ጊዜ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ከዚያ ዞር ብለው «አላህ ያግዝህ። ቁርስ በልተህ ነው የወጣኸው?» አሉኝ። አልበላሁም ነበር። ወልቂጤ ስንቆም ካልጋበዝኩህ ብለው ለመኑኝ።

ከወልቂጤ በኋላ መንገዱ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። ሙቀት የማውቀው ከምድጃ ዳር ብቻ ነበር፤ እዚህ ግን ከምድር የሚነሳ፣ በመስኮት ገብቶ ፊት የሚልስ ሙቀት አለ። ድልድዩን ተሻግረን በአበልቲ በኩል ሽቅብ ስንወጣ ጆሮዬ ተደፈነ። ከሳጃና ከሶኮሩ ወዲያ የግልገል ጊቤ ግድብ ውኃ ተንጣሎ ታየኝ፤ በዓይኔ ካየሁት ውኃ ሁሉ የሰፋው እርሱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው አገር አረንጓዴ ነው። የእኛ አገር በዚህ ወር ገብስ የሚያጭድበት፣ ምድሩ ቢጫ የሚሆንበት ጊዜ ነው። እዚህ ግን በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቀይ የቡና ፍሬ ተንዠርግጓል፣ በየደጁም ቡና ተሰጥቷል።

350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ከሰዓት በኋላ ገባን። ጋሼ ወንጌላዊው መናኸሪያ ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ። አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ አገልግለዋል። በባጃጅ ወሰዱኝና ከጅማው መርካቶ ብዙም ሳይርቅ የተከራዩልኝን ክፍል አሳዩኝ። አከራዬ እናት ከበሩ ወጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «በገ ነጋን ዹፍቴ» አሉኝ። እንኳን በሰላም መጣህ ማለት ነው አሉኝ ጋሼ። ለመድገም ሞከርኩ። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሦስተኛዋ ቃል ላይ የሆነ ድምፅ አለ፤ የእኔ አፍ ዘንድ የለም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

አልተኛሁም። መኪና፣ ባጃጅ፣ ሙዚቃ፣ ውሻ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ጸጥ አለና ዓይኔ ሲከደን አዛን ተጠራ። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ከወዲያ ሌላ፣ ከዚያ ከሁሉም አቅጣጫ። በእኛ አገር ሰው የሚነቃው በዶሮና በቤተ ክርስቲያን ደወል ነው፤ አዛን በሬዲዮ ካልሆነ ሰምቼ አላውቅም። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አዳመጥኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከሩቅ የቅዳሴ ድምፅ በድምፅ ማጉያ መጣ። ከተማው ሁሉ ጸሎት ላይ ነው፤ እኔ ግን ተንበርክኬ አንድ ቃል መናገር አቃተኝ። ቤቴ ትዝ አለኝና ሆዴ ባባ።

ጠዋት ብቻዬን ወደ ፈረንጅ አራዳ ሄድኩ። የጣሊያን ዘመን ቤቶች፣ ሰፊ ጥላ ያላቸው ዛፎች፣ በመካከል የሚያልፈው አዌቱ ወንዝ። እንደ ልማዴ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ሰላምታ ሰጠሁ። «እንደምን አደሩ፣ እንደምን አደራችሁ።» የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዎች እየተገረሙ መለሱልኝ። ከዚያ በኋላ ያሉት አልፈው ሄዱ። አንድ ወጣት ቆም ብሎ «ምን ፈልገህ ነው?» አለኝ፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ አንድ ነገር ልጠይቀው የቆምኩ መስሎት ነው። ድልድዩ ጋ ስደርስ ሰላምታ አቆምኩ። መንዝ ውስጥ ሰው ሰላም ሳይል ካለፈ ወይ ተጣልቷል ወይ ሐዘን አለበት። እዚህ መቶ ሰው ሰላም ሳልል አልፌ ገባሁ፣ ማታ ሳስበው ያደከመኝ መንገዱ አልነበረም፤ ይህ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ጋሼ የአጥቢያውን ሽማግሌዎች አስተዋወቁኝ። ወረቀት፣ መዝገብ፣ የቤት ለቤት ኅብረት ዝርዝር። ውሎዬ ይኸው ነው። ባናውን አንጥፌ ተኛሁበት፤ ለመልበስ ይሞቃል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ዛሬ ሄርማታ ገበያ ነው። ጋሼ «ስብከት ከመጀመርህ በፊት ገበያ ግባ» አሉኝና የእማማ የልጅ ልጅ አስጎብኚዬ ሆነ። ስምንት ዓመቱ ነው፤ በቀኝ እጁ የእኔን ጣት፣ በግራው የአያቱን ዘንቢል ይዞ ይመራኛል።

ማር በእንስራ፣ ቅቤ በኮባ፣ ኮረሪማ በክር ተሰክቶ፣ ቡና በቁና። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ የጅማ በርጩማ፣ ሦስት እግር ያለው፣ በረድፍ ተደርድሯል። አንዱ አናጢ በዋንዛ እንጨት እየሠራ ነበርና ቆሜ አየሁት። አይቸኩልም። እንጨቱን ያገላብጣል፣ በመዳፉ ይዳስሳል፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ይመታል። ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ዳውሮኛ፣ ከፋኛ፣ ጉራጊኛ፣ አንዳንዱ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለቱን ይቀላቅላል። ልጁ ከሁሉም ጋር ይነጋገራል። ምን አሉህ ስለው ይተረጉምልኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ «እሱ አይተረጎምም» ይለኛል።

ይህ ገበያ በአባ ጅፋር መንግሥት ዘመን በመላው ደቡብ ምዕራብ የታወቀ ነበር። ነጋዴዎች ቡናና የዝሆን ጥርስ ይዘው፣ በቅሎ ጭነው ከሩቅ ይመጡ ነበር። ሰውም ይሸጥበት ነበር። ይህን በሥልጠናችን በታሪክ ትምህርት ሰምቼዋለሁ፤ ነገር ግን አንዲት ልጅ ሸንኮራ እየመጠጠች በቆመችበት ቦታ ላይ ቆሜ ሳስበው ሌላ ነገር ሆነብኝ። የእርሷን የሚያህሉ ልጆች እዚሁ ቆመው ዋጋ ወጥቶላቸዋል። ይህን ሳያውቅ እዚህ ከተማ ስለ ነፃነት የሚሰብክ ሰው አፉን ባይከፍት ይሻለዋል።

አርብ፣ ኅዳር 5

ከሰዓት በፊት ከተማው ቀዝቀዝ አለ። ሱቆች ተዘጉ፣ ወንዶች ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ወደ መስጊድ ጎረፉ። መንገዱ ሲሞላ ዳር ላይ ቆሜ አሳለፍኳቸው።

ከሶላት በኋላ እማማ ቡና አፈሉና ጠሩኝ። ቄጠማ ጎዝጉዘዋል፤ ጤና አዳም በሲኒው ጫፍ ላይ አስቀምጠዋል። በጓሮአቸው የተለቀመ ቡና ነው። በልጅነታቸው ቡናው ከነገለባው በቅቤ ተጠብሶ ይበላ እንደነበር፣ ቡና ቀላ እንደሚባል ነገሩኝ። ሲኒውን እየሰጡኝ «ዹጊ» አሉ። ጠጣ ማለት ነው። ደግሜ አልኩት። ልጁ ሳቀና «ዱ አይደለም፣ ዹ!» አለኝ። ምላሱን ወደ ላንቃው አጥፎ አሳየኝ። ድምፁ እንደ እኛ ደ ተተፍቶ አይወጣም፤ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ይዋጣል። ሦስት ሲኒ ጠጣሁ፣ በሦስቱም ሲኒ ሞከርኩ። በሦስተኛው እማማ «ትንሽ ቀረህ» አሉኝ።

ከዚያ መጠየቅ ጀመሩ። አባትህ አለ? እናትህ ስንት ወለዱ? በጋችሁ ምን ያህል ነው? እንዲህ ርቀህ ስትመጣ ማን ይጠብቃቸዋል? እየመለስኩ ሳለ በልቤ የምናገርበትን አጋጣሚ እጠብቅ ነበር፤ የት ላይ እንደምጀምር እያሰላሁ። አጋጣሚው አልመጣም። በመጨረሻ «ለእናትህ ደውለሃል?» አሉኝ። አልደወልኩም ነበር። በእርሳቸው ፊት ደወልኩ፤ ስልኩን ተቀብለው ከእናቴ ጋር ተነጋገሩ። ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት ሴቶች ስለ እኔ ምግብ ብዙ ደቂቃ ተወያዩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ጅሬን። ከከተማው ወደ ሰባት ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ጋሼና እኔ በእግር ወጣን። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ኮረብታው ላይ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ገዝተዋል። ከአፄ ምኒልክ ጋር ያለ ጦርነት ተስማምተው፣ ግብር እየከፈሉ፣ አገራቸውን ሳያስፈርሱ ያቆዩ ንጉሥ ናቸው። የእንጨት ሥራው፣ ሰፊው ሰገነት፣ መስጊዱ። ሰገነቱ ላይ ቆሞ ወደ ታች ሲያዩ ጅማ ሁሉ በዛፍ መካከል ተዘርግታ ትታያለች፣ ከሩቅ ከተማ አትመስልም፤ ጫካ ውስጥ ቆርቆሮ የተበተነበት ትመስላለች። በመንገዷ ላይ የምፈራትን ከተማ ከላይ ሆኜ ሳያት አዘንኩላት፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ጋሼ አረፍ ብለን ሳለን ስለ አናሲሞስ ነሲብ አወሩልኝ። ስሙን አውቀው ነበር፤ ጅማን ከእርሱ ጋር አያይዤ ግን አላውቅም። ሁሩሙ አካባቢ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ተነጥቆ ተደጋግሞ የተሸጠ፣ እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ ሰው ነው። ወደ ወገኖቹ ለመመለስ ያላደረገው ጥረት የለም። በሱዳን በኩል ሞከረ፣ አልሆነም። በሸዋ በኩል ጅማ ለመግባት ተነሣና እ.ኤ.አ. በ1886 እንጦጦ ድረስ መጣ፤ እንዳያልፍ ተከለከለና ወደ ምጽዋ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ቀይ ባሕር ላይ ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ ከተፈቱት መካከል አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ነበረች። የሊሙ እናርያ ሰው ናት፤ ከዚህ ከጅማ ሰሜን ያለ አገር። አናሲሞስ ከልጅነቱ ጀምሮ ከአገሩ ርቆ የኖረ ስለሆነ ኦሮምኛው ሳስቶበት ነበር፤ እርሷ ግን ቋንቋውን ከነተረቱ፣ ከነዘፈኑ፣ ከነምሳሌው ይዛው መጥታለች። አብረው ሠሩ፤ የኦሮምኛው አዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። ማጫፈ ቁልቁሉ፣ ቅዱስ መጽሐፍ ማለት ነው።

«እርሱ ጅማ አልደረሰም» አሉኝ ጋሼ ወደ ታች እያሳዩኝ። «መጽሐፉ ደረሰ።» ትንሽ ቆዩና «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይባላል። አስቴር ባትኖር ኖሮ ምን ቃል ያገኝ ነበር?» አሉ። እኔ ለመስበክ እንጂ ለመማር የመጣሁ አልመሰለኝም ነበር። ስንወርድ ብዙ አላወራሁም።

እሑድ፣ ኅዳር 7

አምልኮ በአማርኛና በኦሮምኛ ነበር። ራሴን እንዳስተዋውቅ ተነሣሁና «በገ ነጋን ዹፍቴ» ላሉኝ ሁሉ አመሰገንኩ። «ገለቶማ» አልኩ። ጉባኤው «አሜን» አለ። ደስ አለኝ። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ገባሁ፤ አንዱ የጅማ አባ ጅፋር ማሊያ ለብሷል፣ በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣውን ቡድን እየጠቀሰ ገና ባልተወለደበት ጊዜ ስለ ገባ ጎል ይተርክልኛል።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

የመጀመሪያው የምስክርነት ቀኔ። ይህን ቀን ባልጽፈው እወድ ነበር።

ከምሳ በኋላ ወጣሁ። ጅማ ላይ ይህ ሰዓት የበርጫ ሰዓት ነው፤ ሰው ጫቱን ይዞ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ይጨዋወታል። አንድ ክፍት በር አየሁና ከደጅ ሆኜ ሰላም አልኩ። «ግባ፣ ግባ» አሉኝ። ስድስት ያህል ወንዶች ናቸው። ቦታ ለቀቁልኝ፣ ሻይ ቀዱልኝ። ጫት ሲያቀርቡልኝ «አልቅምም» አልኩ፣ «ችግር የለም» አሉ። ሻይዬን ሳልቀምስ መናገር ጀመርኩ። ያዘጋጀሁትን ሁሉ። ጫት አካልንም ነፍስንም እንደሚጎዳ፣ ሰው ስለ ኃጢአቱ፣ ስለ መዳን። በአንድ ትንፋሽ የጨረስኩት ይመስለኛል።

ማንም አልተቆጣም። በዕድሜ የገፉት ሰው እስክጨርስ አዳመጡኝና «ልጄ፣ ስምህ ማነው?» አሉኝ። ስሜን አልነገርኳቸውም ነበር። የእነርሱንም አልጠየቅሁም። «ሻይህ ቀዝቅዟል፣ ይቀየርለት» አሉ። ሌላ ቀዱልኝ፣ ጠጣሁ፣ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ባናውን ተከናንቤ አለቀስኩ። ወንጌልን አፍሬበት አይደለም፣ በቃሉ እስከ ዛሬም አምናለሁ፤ ለመናገር የሄድኩበትም ነገር ልክ ነው። ግን የሰው ቤት ገብቼ ስሙን ሳልጠይቅ ነፍሱን ጠየቅሁ። መንዝ ውስጥ ለቤት አዲስ ውሻ እንኳ እንዲህ አይደረግም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ለጋሼ ነገርኳቸው። አልገሠጹኝም። «ነገ ተመልሰህ ሂድ። ስማቸውን ጠይቅ። ሌላ ነገር አትናገር» አሉኝ። ዛሬ ግን የሚያስፈልግህ ሌላ ቦታ ነው ብለው ወደ አንድ አሮጊት ቤት ወሰዱኝ።

እኚህ እናት የአጥቢያው አንጋፋ ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ብቻቸውን በአንድ ክፍል ይኖራሉ፤ ጎረቤቶቻቸው፣ አብዛኞቹ ሙስሊሞች፣ በየተራ ምግብ ያመጡላቸዋል። ከአልጋቸው ራስጌ በጨርቅ የተጠቀለለ መጽሐፍ አለ። የአባታቸው ነው። የፊት ገጾቹ ተቀድደዋል፤ ቀሪው ግን አለ፣ ኦሮምኛ ነው፣ በፊደል የተጻፈ። ዛሬ ኦሮምኛ በቁቤ ነው የሚጻፈው፣ በላቲን ፊደል፣ ስለዚህ የሰፈሩ ተማሪ ልጆች ይህን መጽሐፍ አያነቡትም። ጋሼ ዓይናቸው ደክሟል። «አንተ ፊደል ታውቃለህ» አሉኝ። «አንብብላቸው።»

ተቀመጥኩ። ገለጥኩ። እውነትም ሁሉም ፊደል የማውቀው ነው፣ ከአንድ በቀር። ደ ይመስላል፣ ግን ተጨማሪ ምልክት አለው። ዸ። ልጁ በሲኒ ሲያስተምረኝ የሰነበተው ድምፅ ይኸውና። አፌ ቆመ። አሮጊቷ ጆሮአቸውን ወደ እኔ አዘንብለው ጠበቁ። ጀመርኩ።

ምን እንደማነብ አላውቅም። አንድም ዓረፍተ ነገር አልገባኝም። ፊደሉን እየተከተልኩ ድምፅ አወጣለሁ። እርሳቸው ግን ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ፣ አንዳንድ ቦታ ቀድመውኝ ይሄዳሉ፣ አንዳንድ ቦታ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያደርጋሉ። እኔ ሳይገባኝ አነብባለሁ፣ እርሳቸው ሳያነቡ ይገባቸዋል። ከዚህ በፊት ቃሉን ብዙ ጊዜ አንብቤአለሁ፤ ሰው ሲበላው ግን እንዲህ በዓይኔ አላየሁም።

አንድ ቦታ ላይ አስቆሙኝ። «ዹጋ በል እንጂ፣ ዱጋ አትበል» አሉኝ በአማርኛ። ምን ማለት ነው ስላቸው «እውነት» አሉኝ። ዮሐንስ 14 ላይ ነበርን። መንገድም እውነትም ሕይወትም እኔ ነኝ የሚለው ላይ። «ዹጊ» ጠጣ፣ «ዹጋ» እውነት። እማማ ከሰጡኝ ቃል ጋር በአንድ ፊደል ይጀምራል። ሦስት ጊዜ ደገምኩላቸው። ሦስተኛው ላይ «አዎ» አሉ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ወደ በርጫው ቤት ተመለስኩ። ስማቸውን ጠየቅሁ። የእኔንም ነገርኳቸው። ሻይ ጠጣሁ። ሽማግሌው የእናርያ ሰው መሆናቸውን፣ ሹፌር እንደነበሩ፣ መንዝን በመኪና እንደሚያውቁት፣ ባና ገዝተው እንደነበር ነገሩኝ። ሌላ ነገር አልተናገርኩም።

አርብ፣ ኅዳር 12

ከትናንት ጀምሮ አስታማሚዎችን ልረዳ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ ነኝ። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. አካባቢ የቀድሞው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትና የእርሻ ኮሌጅ ተዋሕደው የተመሠረተ ነው፤ ሆስፒታሉ ደግሞ መላው ደቡብ ምዕራብ የሚያመጣለትን ሕመምተኛ ይቀበላል። ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከዳውሮ፣ ከጋምቤላ። ሕመምተኛው አልጋ ያገኛል፤ አስታማሚው ግን ብዙውን ጊዜ ሜዳ ላይ፣ በረንዳ ላይ ነው የሚያድረው። ከተማውን አያውቅም። መድኃኒት ግዛ የሚል ወረቀት ሲሰጠው ፋርማሲው የት እንዳለ አያውቅም፣ ባጃጅ ስንት እንደሚያስከፍል አያውቅም፣ ለማን ሰላም እንደሚል አያውቅም።

እኔ ይህን አውቀዋለሁ። አሥራ ሁለት ቀን የኖርኩበት ነገር ነው።

አንድ የዳውሮ ገበሬ ሚስቱ ቀዶ ሕክምና ገብታለች። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ፣ ሦስት ፋርማሲ ዞርኩ፣ አራተኛው ጋ አገኘሁ። ስመለስ ሰውዬው ውኃ ይዞ ቆሞ ነበር፤ ለእኔ ነው ያመጣው። አማርኛችን በግማሽ ነው የሚግባባው። አብረን በረንዳው ላይ ተቀመጥን። ሚስቱ እስክትወጣ አራት ሰዓት ያህል። እንዲጸለይለት ጠየቀኝ፤ እኔ አይደለሁም የጠየቅሁት። ጸለይኩ። አጠገባችን የነበሩ አንዲት ሙስሊም እናት እጃቸውን ዘርግተው «አሚን» አሉ።

ማታ ከሆስፒታሉ ስወጣ ጨልሞ ነበር። በሩ ላይ የቆመውን ጥበቃ ሰላም አልኩት፣ ሰላም አለኝ። የለውዝ ሻጯንም። ባጃጁንም። ሦስቱም መለሱ። ቤት እስክገባ ቆጠርኩ፤ ስም የማውቃቸው ሰዎች በዚህ ከተማ አሥራ ዘጠኝ ናቸው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

አዛን ሲጠራ ነቅቼ ጸለይኩ። አሁን ሰዓቴ እርሱ ነው፤ የስልኬን ደወል ካጠፋሁት ሳምንት ሆነኝ።

ለአሮጊቷ ማንበብ ሁለተኛዬ ነው። ዛሬ መዝሙር እንዳነብ ጠየቁኝ፣ 23ኛውን። በመካከል «ተሳስተሃል» ብለው አስቆሙኝ። ገጹን ደግሜ አየሁ። ያነበብኩት ልክ መሰለኝና «እንዲህ ነው የተጻፈው እማማ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው መስመሩን በቃላቸው ከመጀመሪያው አንሥተው አወረዱት። በጣቴ እየተከተልኩ አብሬአቸው ሄድኩ፤ ልክ ነበሩ። አንድ መስመር ዘልዬ ነበር፤ ያረጀው ወረቀት ታጥፎ ሸፍኖታል። እጥፋቱን በጥፍሬ ከፈትኩት። ቀለሙ ከውስጥ እንደ ትናንት ጥቁር ነው።

«ቲክሴ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«እረኛ ነው።»

በግ ጠባቂ እንደነበርኩ ነገርኳቸው። ስንት በግ፣ የት፣ ውሻው ስሙ ማን እንደነበር ሁሉ ጠየቁኝ። ተኩላ ሲመጣ ምን ታደርግ ነበር አሉኝ። እንደምጮህ፣ ድንጋይ እንደምወረውር፣ አንድ ሌሊት በግ ጠፍታብኝ እስኪነጋ ገደል ለገደል እንደ ፈለግሁ አጫወትኳቸው። ማንም እዚህ አገር ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። ዝም ብለው ሰሙኝ፣ ከዚያ «አገኘሃት?» አሉ።

«አገኘኋት።»

«እንግዲያው ያቺን መስመር ደግመህ አንብባት፣ አሁን ታውቃታለህ» አሉኝ። አነበብኩ። ስጨርስ መጽሐፉን በጨርቁ ጠቅልዬ ራስጌ አስቀመጥኩት። በሩ ላይ ስደርስ ጠሩኝ፦ ማክሰኞ ስትመጣ ስኳር ይዘህ ና፣ ቡናውን እኔ አፈላለሁ።